አዳማ፦ 48 ሰዓት አልፎ ፍርድ ቤት ላልቀረበ የፖለቲካ እስረኛ የትኛው አቤቱታ ይቅደም?

ጀማሪ ጠበቃ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል አዳማ ውስጥ ከቤቱ ከተወሰደ አምስት ቀን ሆነው። ፍርድ ቤት አልቀረበም። የያዘው ጣቢያ ከቤተሰቡ ምግብ ይቀበላል፤ ጠበቃ ሲመጣ ግን «ከበላይ የታዘዝነው ነው» ብሎ አያገናኝም። ዋስትና ልጠይቅ ወይስ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ላስገባ? ቢፈታስ በር ላይ ሌላ ፖሊስ እንዳይወስደው ምን ይደረግ?

ባለመዝገብ፦ ወንድሜ፣ ዋስትና የሚጠየቀው ፍርድ ቤት መዝገብ ሲኖር ነው፤ አሁን ደግሞ የለም። መንገድህ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ነው፤ ማለትም ፍርድ ቤቱ ያለ አግባብ የተያዘውን ሰው እንዲያስፈታ የሚጠየቅበት ነው። መሠረቱ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) እና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 ነው። እስረኛው ራሱ መፈረሙ ግዴታ አይደለም፤ ሚስቱ ወይም ወንድሙ ስለ እሱ ማመልከት ይችላሉ። ከአቤቱታው ጋር በሚያያዘው ቃለ መሐላ ላይ ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ፣ ይህን የሚያውቁት ምስክሮች እነማን እንደሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዝም ብለህ «ፖሊስ» ካልክ፣ የተጠራው መሥሪያ ቤት «እኛ ዘንድ የለም» ይልና መዝገቡ ይዘጋል። የጣቢያውን ስምና የኃላፊውን ማዕረግ አስገባ፤ ምሳ የሚያመላልሰውንም ሰው በምስክርነት ቁጠር። ሳህኑ ባዶ ሆኖ መመለሱ እዚያ እንዳለ ያስረዳልሃል። የኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታው በዚያው ይዘጋጅ።

የችሎት ሰው፦ አንድ ነገር ልጨምር። መጥሪያው ሲደርሰው ፖሊስ ሰውየውን ሮጦ ሌላ ችሎት ያቀርብና የጊዜ ቀጠሮ (ምርመራው እስኪያልቅ በእስር ማቆያ ቀናት) ያስፈቅዳል። ከዚያ «በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው የያዝነው» ይላል፣ አቤቱታህም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የወንጀል ችሎቶቹን የሚከታተል ሰው መድብ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አይገድብም፣ ሰው የሚማቅቀውም በዚህ ቀዳዳ ነው። መርማሪው «አልጨረስኩም» ሲል ባለፈው ቀጠሮ ምን እንደሠራ፣ የትኛው ምስክር እንደቀረው፣ ሰውየው ውጭ ቢሆን ያ ሥራ በምን እንደሚደናቀፍ ጠይቅ። መልሱ መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ በል። በቀጣዩ ቀጠሮ ያንኑ ምክንያት ሲደግም ግልባጩን ታቀርባለህ። ዋስትናውንም ያኔ ጠይቅ፤ ከተከለከልክ በቁጥር 75 ይግባኝ የምትለው በ20 ቀን ውስጥ ነው። ድብደባ ካለ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ቁስሉን ለዳኛው ያሳይ፣ የሕክምና ትዕዛዝም ጠይቅ። ቁስል ከዳነ በኋላ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው።

አዳማ 08፦ በር ላይ ስለመያዝ፦ ሙሉ መከላከያ የለውም። የዋስትናው ገንዘብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በዚያው ቀን ይያዝ፤ ዓርብ ከሰዓት ከተፈቀደና ካልተከፈለ ፖሊስ እስከ ሰኞ የሚያቆይበት ሰበብ ያገኛል። የመፍቻ ትዕዛዙን ስትሰጥ የተቀባዩን ስም፣ ሰዓቱንና ፊርማውን ያዝ። አልቀበልም ካለ ሁለት ምስክር ይዘህ ወደዚያው ችሎት ተመለስና ኃላፊው እንዲጠራ አመልክት። ዳግም ከተያዘ የመፍቻ ትዕዛዙን አባሪ አድርገህ አዲስ አቤቱታ ታስገባለህ።

አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በአንቀጽ 93 ከማይታገዱት መብቶች ውስጥ የለም። አንቀጽ 18 ግን አለ፤ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚመለከተውን ጥያቄ በእሱ ላይ አቁመው። ኢትዮጵያ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አማራጭ ፕሮቶኮል ስላልተቀበለች፣ የግለሰብ አቤቱታ ቃል ኪዳኑን ለሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ አይቀርብም። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን ግን የአገር ውስጥ ይግባኝ ሳያልቅም ይቀበላል። ከመላክህ በፊት የእስረኛው ስም ይፋ እንዲወጣ ይፈልጉ እንደሆነ ቤተሰቡን ጠይቅና ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ያዝ።