ውሻ የያዘ ተሳፋሪ አልጭንም ማለት መብቴ አይደለም እንዴ?

ካምሪው፦
ሰላም ወገኖች። ሲያትል ነኝ፣ በአፕ ነው የምሰራው፣ መኪናዋ ገና ዕዳዋ አላለቀም። ባለፈው ሌሊት አንድ ጥሪ መጣልኝ ስደርስ ሴትየዋ ጥጃ የሚያክል ውሻ ይዛ ቆማለች፣ ይቅርታ ውሻ አልጭንም ብዬ ካንስል አድርጌ ሄድኩ፣ ጠዋት ስነሳ አካውንቴ ተዘግቷል። ለካ ሰርቪስ ዶግ ኖሯል፣ አካል ጉዳተኛ እንዲረዳ የሰለጠነ ውሻ ማለት ነው። መኪናው የኔ፣ ቤንዚኑ የኔ፣ ኢንሹራንሱ የኔ፣ የአፑ ሰዎች ራሳቸው "ተቀጣሪ አይደለህም የራስህ ቢዝነስ ነው" ይሉናል፣ ታዲያ ማንን እንደምጭን ካልወሰንኩ ምኑ ላይ ነው የኔነቱ? ያ ኬክ ጋጋሪ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የሰርግ ኬክ አልሰራም ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸንፎ የለ እንዴ?

አቤል_ዲሲ፦
እናቴ ብትሰማ መኪናውን ጠበል ታስረጨው ነበር ሃሃሃ

የድሮ ታክሲ ነጂ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ ሰሞን ተነጅሼበታለሁ። በፈረንጅ 1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ህግ ነው የሚይዝህ። መጠየቅ የምትችለው ሁለት ነገር ነው፣ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ፣ ምን እንዲሰራ ነው የሰለጠነው። በቃ። ወረቀት አሳዪኝ የለም፣ አለርጂ አለብኝ እፈራለሁ ማለትም አያድንህም፣ ለፀጉሩ ብለህ ተጨማሪ ማስከፈልም የለም። ለማፅናኛ ብቻ የሚያዝ ውሻ ግን ህጉ ውስጥ አይገባም። ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ ባለቤቱ ካልያዘው ደግሞ እምቢ ማለት ትችላለህ። እኔ ከኋላ አሮጌ ጋቢ አነጥፋለሁ፣ ተገላገልኩ።

ስንዱ፦
ኬኩን እዚህ አታምጣው ባክህ። በፈረንጅ 2018 ሰውየው 7 ለ 2 ያሸነፈው የኮሎራዶ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ሃይማኖቱን ንቆ ስላየበት ነው እንጂ ነጋዴ ሁሉ ያሻውን ይመልስ ተብሎ አይደለም። በ2023 ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰርግ ድረ ገጽ አልሰራም ያለችዋ 6 ለ 3 አሸነፈች፣ እሱም ድረ ገጽ መስራት ሀሳብ መግለጽ ነው ተብሎ ነው። አንተ ከኤርፖርት ሬንተን ስትነዳ ምን ሀሳብ ገለጽክ?
"የኔ ቢዝነስ ነው" የምትለውን ደግሞ አትላንታ የነበረ አንድ ሞቴል ቀድሞህ ብሎታል፣ ጥቁር አላሳድርም፣ ደንበኛ መምረጥ መብቴ ነው ብሎ በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ 9 ለ 0 ተሸነፈ። ያ ሞቴል ቢያሸንፍ ኖሮ እኔና አንተ የት እናድር ነበር?
እኔ ምግብ ቤት አለኝ፣ ሰክሮ አስተናጋጇን የሚሳደብ ከመጣ አስወጣዋለሁ፣ ማንም አይጠይቀኝም፣ ያስወጣሁት በስራው ነዋ። አባቴ ግን ዓይነ ስውር ነው። አዲስ አበባ እያለን ረዳቶቹ ዘንጉን ሲያዩ ግማሽ ባዶ ሚኒባስ "ሞልቷል" ይሉት ነበር፣ እሱም መሙላት አለመሙላቱን አያይማ፣ እኔ ነኝ አጠገቡ ቆሜ የማየው።

ካምሪው፦
ስለ አባትሽ ያልሽው ከበደኝ እህቴ። ሴትየዋ ትይ አትይ እንኳን ልብ አላልኩም፣ ውሻውን ብቻ ነው ያየሁት። ግን አሁንም ዕዳው የኔ ደንቡ የነሱ መሆኑ አይዋጥልኝም። ይግባኝ የት ነው የሚባለው?

የድሮ ታክሲ ነጂ፦
አፑ ላይ አለ። አላየሁትም ብለህ እንዳትጽፍ ብቻ፣ ጥጃ የሚያክል ነው ብለኸናል።