ኦክስፎርድ በዝናብ፦ ቅዳሜን የት እንዋል?

ጥያቄ፦ የለንደኗ

ሰላም እንዴት ናችሁ? ቅዳሜ አራት ሆነን ከለንደን ኦክስፎርድ ልንሄድ ነው። አንዷ ጓደኛችን ከአዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት ነው የመጣችው። ያንን ዩኒቨርሲቲ ሳላይ አልመለስም ብላለች። ሐሳባችን ታንኳ ተከራይተን ወንዙ ላይ መንሸራሸር፣ ከዚያ የድሮዎቹን ኮሌጆች እየዞርን ፎቶ መነሣት ነበር። አሁን ትንበያው ቀኑን ሙሉ ዝናብ ይላል። ልጅቷ ከነሐሴ ዝናብ አመለጥኩ ብላ ነበር! ቀን እንዳንቀይር ሌላ የጋራ ዕረፍት የለንም። ብዙ ገንዘብ ሳናወጣ የት እንጠለል? ሁለታችን ደግሞ ፍልሰታን እየጾምን ነው።

መልስ፦ ካልሲ ቅያሪ

እህቴ አትሰርዙት። እዚያ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ከተማው ለዝናብ የተሠራ ነው የሚመስለው። በቀጥታ ፓርክስ ሮድ ላይ ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሂዱ። መግቢያው ነፃ ነው። ጣሪያው መስታወት ስለሆነ ዝናቡ ከላይ ሲያንኳኳ እየሰማችሁ በዳይኖሰር አጽሞች መሃል ትዞራላችሁ። ከምድር የጠፋችው የዶዶ ወፍ ቅሪትም እዚያው አለ።

አዳራሹን አቋርጣችሁ ወደ ኋላ ስትሄዱ ሌላ በር አለ። ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይባላል፣ እሱም ነፃ ነው። ብዙ ሰው ሳያየው ይመለሳል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ዕቃው የተደረደረው በአገር ሳይሆን በዓይነት ነው። ዋሽንት ከዋሽንት፣ ጋሻ ከጋሻ፣ ክታብ ከክታብ ጋር። ከሣጥኖቹ ሥር ያሉትን መሳቢያዎች እየሳባችሁ እዩ፣ ይፈቀዳል። ጠንቋይ ተዘግቶባታል የምትባል አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አለች። እሷን ፈልጉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ፈጅቶብኛል።

ካልሲ ቅያሪ ያዙ። ስሜንም ያገኘሁት በዚሁ ነው። የእንግሊዝ ዝናብ ካፊያ ነው፤ ምንም አይመስልም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ጫማሽ ኩሬ ይሆናል።

መልስ፦ የቲኬት ነገር

አራት ከሆናችሁ ከፓዲንግተን በባቡር ሂዱ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰው አብሮ ሲጓዝ ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጪ ሲሶ የሚቀንስ የቡድን ቅናሽ አለ፤ ስትገዙ ግሩፕሴቭ በሉ። ከቪክቶሪያ የሚነሣው አውቶቡስም ጥሩ ነው፣ ሼፐርድስ ቡሽም ይቆማል። ግን መንገድ ከተዘጋጋ ሁለት ሰዓት ቁጭ ነው።

ሌላው፣ ኮሌጅ ለማየት ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ድረ ገጹን ተመልከቱ። እኛ ባለፈው ሰኔ አንዱ በር ላይ ደርሰን «ዛሬ ለጎብኚ ዝግ ነው» ተባልን። ዝናቡ እየወረደብን። ራድክሊፍ ካሜራ የምትባለው ክቧ ሕንጻም ከውጭ ነው እንጂ ያለ አስጎብኚ አትገባም።

መልስ፦ የጣና ልጅ

ታንኳውን ለምን ትተዉታላችሁ? በረጅም ዘንግ የሚገፋ ጠፍጣፋ ጀልባ ነው። ጃንጥላ ዘርግቶ መቀመጥ እኮ ደስ ይላል!

መልስ፦ ካልሲ ቅያሪ

ወንድሜ፣ ለተቀመጠው ነዋ። የሚገፋው ሰው በሁለት እጁ ዘንግ ይዞ ጃንጥላውን በምኑ ሊይዝ ነው? የሚቆምበት ጣውላም ሲርስ ያንሸራትታል። ተዉት።

መልስ፦ ጋሼ ብራና

ልጆቼ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣችው እንግዳ አንድ ነገር ንገሯት። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በእኛ በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ገብቶ ከቅጂዎቹ ጥቂቱን ይዞ ወጣ። አንዱ የደረሰው ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1821 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ የታተመው ከዚያ ብራና ተተርጉሞ ነው። ብራናው በመስታወት ውስጥ ተዘርግቶ አይጠብቃችሁም፤ የምትሄዱበትን ግንብ ግን በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። ብሮድ ስትሪት ላይ ያለው የዚሁ ቤተ መጻሕፍት የዌስተን ሕንጻ ታችኛው አዳራሽ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ነፃ ዐውደ ርእይም አያጣም። እዚያ ተጠለሉ።

መልስ፦ ሽሮ በሌለበት

ለምግብ ከ1774 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ጣሪያ ያለው ገበያ አለ፣ ከቨርድ ማርኬት። ስታዝዙ «ቪጋን» በሉ። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ ቅቤና እንቁላል ሊመጣባችሁ ይችላል፤ እኔ አንዴ ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው የነቃሁት። ጾሙን በ9 ሰዓት ከሆነ የምትፈቱት፣ በፈረንጅ 3 መሆኑን ለእንግዳዋ አስረዷት። ከዚያ መመለሻችሁ ላይ አሽሞሊያን ሙዚየም ግቡ። ነፃ ነው፣ በፈረንጅ 5 ይዘጋል። በ1716 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የስትራዲቫሪ ቫዮሊን አለው።

የለንደኗ (እሑድ ማታ)

ደርሰን መጣን፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን! አሽሞሊያን አልደረስንም፤ ፒት ሪቨርስ ዋጠን። ብልቃጧን አገኘናት። እንግዳችን ጠጋ ብላ አይታ «ይቺን ጸበል ነው የሚያስለቅቃት» አለች። ጋሼ፣ የሄኖክን ታሪክ ባቡር ላይ ነገርኳት፤ ዌስተን በር ላይ ቆማ ለእናቷ ደወለች። ዝናቡን ግን አልወደደችውም። «የእኛ ይሻላል፣ ዘንቦ ያባራል» ነው የምትለው።

ካልሲ ሳልይዝ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ።