ሳሎናችንን ግራጫ እንቀባው ወይስ ክሬም?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ሳሎናችንን ልናስቀባ ነው፤ ግን ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም። እኔ ሰማያዊ ነካ ያደረገው ፈዛዛ ግራጫ እፈልጋለሁ። እሱ «ክሬም ካልሆነ ቤቱ ይቀዘቅዛል» ባይ ነው። ያለን አንድ መስኮት ነው፤ እሱም ፊቱ የጎረቤት ግድግዳ ስላለ ፀሐይ በቀጥታ አይገባም። ወለሉ ቀላ ያለ ቡኒ ሴራሚክ ነው፣ ሶፋው ጥቁር ግራጫ። ሁለቱም አይቀየሩም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሮለር፦ ይቅርታ እህቴ፣ በዚህስ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኝ ክፍል ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እዚያ ላይ ሰማያዊነት ያለው ግራጫ ሲጨመር ቤቱ ይጨፈግጋል። ፀሐይ የሚሞላው ክፍል ቢሆን ኖሮ ምርጫሽን እደግፍ ነበር።

ነጭ ወዳድ፦ ምን ያጨቃጭቃል? ጨለም ላለ ክፍል ንጹህ ነጭ ነዋ!

ሮለር፦ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ እኔ አይዋጥልኝም። ነጭ የሚያምረው ብርሃን ሲያገኝ ነው። ካላገኘ ጥግ ጥጉ አመድማ ይሆናል። ነጭ የግድ ከሆነም ትንሽ ቢጫ ያለበት ይሁን።

የማታ ሰው፦ አምፖሉስ? ሳሎን የሚቀመጠው በብዛት ማታ ነው። ማሸጊያው ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚናገር የኬልቪን (K) ቁጥር ታገኛለሽ። 2700 ወይም 3000 ከሆነ ቢጫማ ነው፣ 4000 መካከለኛ፣ 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። ክሬም በ2700 ቢጫው ይጎላል፤ ያንቺ ግራጫ በ6500 ጭራሽ ይቀዘቅዛል።

ጠያቂዋ፦ አሁን አየሁት፣ 6500 ይላል! አምፖሉን ልቀይር ወይስ ቀለሙን?

የማታ ሰው፦ መጀመሪያ አምፖሉን። 3000 አድርጊውና ቀለሙን በዚያ ብርሃን ምረጪ። ከተቀባ በኋላ አምፖል ከቀየርሽ ግድግዳው ሌላ ቀለም ይሆንብሻል።

አስታራቂ፦ ለሁለታችሁም የሚሆን አለ፤ ቤዥ ነካ ያደረገው ሞቅ ያለ ግራጫ። ከሶፋውም ከወለሉም ጋር ይሄዳል። ብቻ ተጠንቀቂ፣ ካታሎግ ላይ ግራጫ ሁሉ አንድ ይመስላል። ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጊ። ውስጡ የተደበቀው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ያኔ ብቅ ይላል። ቀላ ያለ ወለል ደግሞ አጠገቡ ያለን ግራጫ ይበልጥ ሰማያዊ ያስመስለዋል።

ሮለር፦ ይሄኛውን እኔም እቀበላለሁ። ግን ከካታሎግ ብቻ እንዳትወስኚ። ትልቅ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቢና ዳር ዳሩን ነጭ ተይው፤ የድሮው ግድግዳ ቀለም ዓይንሽን እንዳያሳስተው። በደንብ ይድረቅ። እርጥብ እያለ የሚታየው አይታመንም። ከዚያ አንዴ ወለሉ ጋ አስጠጊው፣ አንዴ መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ እዚያ ጋ ነው ቀለም ጠቆር ብሎ የሚታየው። ቀንም እይው፣ መብራት አብርተሽም እይው። ከተጠራጠርሽ አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ውሰጂ። አራቱ ግድግዳ እርስ በርሱ ሲያንጸባርቅ ቀለሙ ከናሙናው ደመቅ ይላል።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! ኮርኒሱስ ዝም ብሎ ነጭ ይሁን?

ሮለር፦ ነጭ ይሁን፤ ግን ሰማያዊነት ያለው ነጭ አይሁን። ከሥሩ ያለውን ሞቅ ያለ ግድግዳ የቆሸሸ ያስመስለዋል። የኮርኒሱን ናሙናም ከዚያው ካርቶን ጎን አድርገሽ እይው።