ቡናን ስሰርዝ የቡናው ብዛት ሻይ ላይ ይቀራል (ሪአክት፣ ማፕ፣ ኪ)

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በሪአክት (የድረ ገጽ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) የካፌ ማዘዣ ቅጽ እየሠራሁ ነው። ዝርዝሩን በማፕ (ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር በሚያወጣው ፈንክሽን) ነው የማወጣው። እያንዳንዱ መስመር ስሙን በፕሮፕ (ከውጭ በሚላክለት እሴት) ይቀበላል፣ ብዛቱን ግን በራሱ ዩዝስቴት (በውስጡ በሚያስታውሰው ስቴት) ይይዛል። ቡና 5፣ ሻይ 2፣ ማኪያቶ 1 ብዬ ሞልቼ ቡናን ስሰርዝ ስሙ በትክክል ይጠፋል፤ ሻይ ግን 5፣ ማኪያቶ 2 ሆነው ቁጭ ይላሉ። ኪ (የመስመሩ መለያ) ያደረግኩት ኢንዴክሱን (ከ0 የሚጀምረውን ተራ ቁጥር) ነው። ኮንሶሉ (የብሮውዘሩ የስህተት መልእክት ማሳያ) ምንም አይልም። የምሰርዝበት ፊልተር ይሆን?

መልስ 1
ፊልተርህ ደህና ነው፣ ችግሩ ኪው ነው። ሪአክት መስመሮቹን ከሬንደር ሬንደር (ገጹን እንደገና ባሰላ ቁጥር) የሚለያቸው በኪያቸው ነው፤ ስማቸውን አያይም። ሳትሰርዝ ኪዎቹ 0፣ 1፣ 2 ነበሩ፤ ከሰረዝክ በኋላ 0 እና 1 ናቸው። ስለዚህ ለሪአክት የጠፋው 2 ነው፤ የሚያፈርሰውም የመጨረሻውን መስመር፣ 1 የተሞላበትን ነው። ኪው 0 የሆነው መስመር 5ን እንደያዘ ይቆይና "ሻይ" የሚል አዲስ ፕሮፕ ይደርሰዋል። ኮንሶሉ ዝም ያለው ኪ ስላለና ስላልተደጋገመ ነው።

ዕቃው ከዳታቤዝ ከመጣ የራሱን አይዲ ኪ አድርገው። ተጠቃሚው እዚያው የሚጨምረው ከሆነ ደግሞ "ጨምር" ሲጫን በክሪፕቶ ራንደም ዩዩአይዲ (የማይደጋገም መለያ በሚሠራው የብሮውዘር ፈንክሽን) አይዲ ፍጠርለትና ከዕቃው ጋር ስቴት ውስጥ አስቀምጠው። ይሄ ፈንክሽን በኤችቲቲፒኤስ ወይም በሎካልሆስት ካልሆነ አይገኝም፤ በስልክ በተራ አይፒ አድራሻ ከፍተህ ስትሞክር ኤረር ቢሰጥህ አትደንግጥ።

መልስ 2
አይዲውን ማፕ ውስጥ እንዳትፈጥረው ብቻ! ማዝ ራንደምን (በዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠውን ፈንክሽን) ኪ ማድረግ ከኢንዴክስም ይብሳል። ወላጁ ኮምፖነንት (መስመሮቹን የያዘው ክፍል) ሬንደር ባደረገ ቁጥር ኪዎቹ በሙሉ ስለሚቀየሩ ሪአክት መስመሮቹን አፍርሶ እንደገና ይሠራቸዋል፤ የተሞላው ይጠፋል፣ ከርሰሩም ከሳጥኑ ይወጣል።

ኪው የሚገባው ማፕ በሚመልሰው የመጨረሻ ውጫዊ ኤለመንት ላይ ነው። ለአንድ ዕቃ ሁለት የሰንጠረዥ ረድፍ የምትመልስ ከሆነ ባዶው የፍራግመንት (ገጹ ላይ የማይታይ መጠቅለያ) አጻጻፍ (<>) ኪ አይቀበልም፤ ፍራግመንት ብለህ በሙሉ ስሙ ጻፈው። መስመሩ ውስጥም አይዲው ካስፈለገህ በሌላ ፕሮፕ ላከው፤ ኪ እንደ ፕሮፕ አይነበብም።

መልስ 3
ኢንዴክስ ሁልጊዜ ነውር አይደለም። የማይጨመርበት፣ የማይቀነስበት፣ ቅደም ተከተሉ የማይቀየር ዝርዝር ከሆነ፣ ለምሳሌ የገጽ ግርጌ ሊንኮች፣ ምንም አያመጣም። የአንተ ግን ማዘዣ ነው፤ ጠቅላላ ሒሳብ መደመርህ አይቀርም፣ ያኔ ብዛቱ ወላጁ ጋ መሆን አለበት። እኔ ብሆን ዛሬውኑ ከመስመሩ አውጥቼ ከስሙና ከአይዲው ጋር አንድ ላይ አደርገው ነበር።

ጠያቂው
አይዲ ሰጠሁት፣ ሻይ 2 ላይ ቀረ። አመሰግናለሁ። አሁን ሁሉንም ስሰርዝ ገጹ ላይ 0 ብቻውን ይታያል፤ እሱስ?

መልስ 1
ከማፑ በፊት የዝርዝሩን ሌንግዝ (የዕቃዎቹን ቁጥር) በድርብ አምፐርሳንድ (&&) ቀጥታ ፈትነሃል። ሪአክት ፎልስን (ሐሰት የሚለውን እሴት) አያሳይም፣ 0ን ግን ቁጥር ስለሆነ ያትመዋል። ሌንግዙ ከ0 ይበልጣል ወይ ብለህ አወዳድር።