የ1991 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የፊት ስፒከር መቀየር፦ ምን ይገባል? ምንስ ይበቃል?

ክፍት ጣሪያ 91

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1991 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ መስታወቱ በእጅ የሚዞር። የበሮቹ ስፒከሮች ከፋብሪካው ጋር የመጡት ናቸው። የግራው ወረቀት ጠርዙ ላይ ተቀዷል፤ የቀኙ ደግሞ ድምፅ ከፍ ሲል ይንጣጣል። ቴፑ አዲስ ነው፤ ፊቱ ላይ «50 ዋት × 4» ተጽፎበታል። ለብቻው የሆነ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) የለም።

16.5 ሴንቲ ሜትር ስፒከር ላሜራው ሳይቆረጥ ይገባል? ትዊተሩ (የቀጭን ድምፅ ትንሿ ስፒከር) መሃሉ ላይ የተሠራበት ኮአክሲያል ይሻላል ወይስ ትዊተሩ ለብቻው የሆነ ኮምፖነንት? ጣሪያው ተከፍቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ዘፋኙ ምን እንደሚል መስማት እፈልጋለሁ፤ ለዚህ አምፕሊፋየር የግድ ነው? መኪናውን ወደ ነበረበት መመለስ መቻል ስላለብኝ በሩን የሚያበላሽ ነገር ባይኖር ደስ ይለኛል።

የበር ውስጥ

ስፋቱ ይገባል። የሚያስቸግረው ጥልቀቱ ነው፤ መስታወቱ ሲወርድ ከማግኔቱ ጀርባ በጣም ተጠግቶ ያልፋል። ሻጭ «ለዚህ መኪና ይሆናል» ስላለህ ብቻ አትግዛ፤ መጀመሪያ ለካ። አሮጌውን ስፒከር አውጣና መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርድ። ከዚያ ከላሜራው ፊት እስከ መስታወቱ ወይም እስከ ማንሻው፣ የትኛውም ቢቀርብ፣ ያለውን ርቀት ለካ። ከልኬቱ ላይ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ቀንስ፤ ያረጀ መስታወት ሐዲዱ ውስጥ ስለሚላላ መንገድ ላይ ይወዛወዛል። የስፒከሩ የመግጠሚያ ጥልቀት ከዚህ ቁጥር ማነስ አለበት። ስፒከሩ እጅህ ላይ ከሆነ ደግሞ የልጆች መጫወቻ ሊጥ ማግኔቱ ጀርባ ላይ ለጥፍ፣ ስፒከሩን ቦታው ላይ ይዘህ መስታወቱን ቀስ ብለህ አውርድና መልስ። ሊጡ ከተጨፈለቀ የቀረው ውፍረት ትክክለኛውን ክፍተት ያሳይሃል።

ጥልቀቱ ካልበቃ ስፒከሩን ከላሜራው ወደ ፊት የሚያወጣ ማስነሻ ቀለበት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቀለበቱ ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን። ከተጨመቀ እንጨት የተሠራው ርካሽ ነው፣ ለመቁረጥም ይቀላል፤ ነገር ግን በሩ ውስጥ ውሃ አለ፣ ካልተቀባ ያብጥና ብሎኑ ይላላል። ቀለበቱ በጣም ከወፈረ ደግሞ የስፒከሩ ጠርዝ ሲንቀሳቀስ የሽፋኑን መረብ ይነካል። ስለዚህ በፊት በኩልም ለካ፦ ከሽፋኑ መረብ እስከ ስፒከሩ ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ተው።

የበሩን ሽፋን ስታወጣ መጀመሪያ የበር መክፈቻውን ዙሪያና የመጎተቻውን ብሎኖች ፍታ። የመስታወት ማዞሪያውን የሚይዘው ከጀርባው ያለ የፈረስ ጫማ ቅርፅ ያለው ክሊፕ ነው፤ ጨርቅ ከኋላው አስገብተህ ግራና ቀኝ ስትጎትተው ይወጣል። ሲወጣ ስለሚፈናጠር በሌላ እጅህ ሸፍነው። ከዚያ በሰፊ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ዙሪያውን ክሊፕ በክሊፕ አላቅቅ፣ በመጨረሻም ሽፋኑን ወደ ላይ አንስተህ ከመስታወቱ ጠርዝ አውጣ። በካቻቪቴ አትፈልቅቅ። ሽፋኑ የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ስለሆነ ክሊፑ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ይቀደዳል፤ ከተቀደደ በኋላ ሽፋኑ መቼም ጥብቅ ብሎ አይቀመጥም፣ ለዘለዓለም ይንጣጣል። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ክሊፕ ይሰበራልና መለዋወጫ ክሊፕ አስቀድመህ ያዝ።

አሁን ብዙ ሰው ችላ ወደሚለው ነገር ልምጣ፤ ከሽፋኑ ጀርባ የተለጠፈው ላስቲክ። ዝናብ በመስታወቱ ገጽ ወርዶ በሩ ውስጥ ይገባል፣ ከሥር ባሉት ማፍሰሻ ቀዳዳዎችም ይወጣል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ በሩ የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው። ላስቲኩ ውሃው ወደ ሰሌዳው እንዳያልፍ ይከላከላል። ቀድደህ ከጣልከው ሽፋኑ ከታች አብጦ ይጣመማል። ስለዚህ ማጣበቂያውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀህ ቀስ ብለህ ላጠው፤ ከደረቀ በአዲስ ቡታይል (ጎማ መሰል) ማጣበቂያ መልሰው። ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹንም በቀጭን ሽቦ አጽዳ፤ ከተደፈኑ ውሃው ተጠራቅሞ የበሩን ታች ያዝገዋል።

ኦምና ዋት

«የበር ውስጥ» ከላይ ስለ መግጠሙ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ኃይሉ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው።

«50 ዋት × 4» የሚለው ለቅጽበት የሚደርሰውን ጫፍ ነው። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ቮልቴጅ 14.4 ገደማ ነው። ቴፑ ውስጥ ያለው ማጉያ ለስፒከሩ መስጠት የሚችለው ትልቁ የሞገድ ጫፍ ይኸው 14.4 ቮልት ነው፤ ኃይሉ የሚሰላበት ውጤታማ ቮልቴጅ ግን 10.2 ይሆናል። የስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 4 ኦም ሲሆን ይህ 26 ዋት ነው። ማጉያው ራሱ የሚበላው ሲቀነስ ሳይዛባ የሚወጣው 20 ዋት አካባቢ ነው፤ በአብዛኛው ቴፕ። እንግዲህ ካርቶኑ ላይ «300 ዋት» የሚል ስፒከር መግዛት ምንም አይጠቅምህም። ዝርዝሩ ላይ የምትፈልገው ቁጥር ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ማለትም በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ይሰጣል የሚለው። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። 91 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ20 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ 87 የሆነው እንዲሰጥ 50 ዋት ይጠይቃል። ያለ አምፕሊፋየር የምትቀጥል ከሆነ 90 እና ከዚያ በላይ ፈልግ። አንዳንድ አምራቾች ቁጥሩን በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ይለካሉ፤ ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ይህ 2 ዋት ነው፣ ስለዚህ ከማወዳደርህ በፊት 3 ዴሲቤል ቀንስ።

ኦሙንም እይ። ቴፑ 4 ኦም የሚጠይቅ ከሆነ 2 ኦም ስፒከር አትስጠው፣ ይሞቃል። መኪናህ የወንበር ራስ መደገፊያ ውስጥ ስፒከር ካለውና ከበሩ ጋር በአንድ ቻናል በትይዩ ከተገናኘ ሁለት 4 ኦሞች 2 ኦም ይሆናሉ። ከቴፑ ጀርባ በቴስተር ለካ፦ አንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3.2 እስከ 3.8 ያነብባል፤ 1.8 አካባቢ ካየህ ሁለት ናቸው።

ጣሪያ ተከፍቶ መስማት ላልከው ትልቁ ለውጥ ነፃ ነው። ቴፑ ላይ ሃይ ፓስ የሚለውን፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያ በ80 ኸርዝ፣ በየኦክታቩ 12 ዴሲቤል አድርገህ አብራ። ለተመሳሳይ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር፣ ማለትም ኸርዙ በግማሽ ሲቀንስ፣ ኮኑ (የስፒከሩ ተንቀሳቃሽ ወረቀት) 4 እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። 40 ኸርዝን ከ16.5 ሴንቲ ሜትር ስፒከር መጠየቅ 20 ዋትህን በማትሰማው ነገር መጨረስ ነው፤ የመንገዱና የነፋሱ ጩኸት ያንን ቦታ አስቀድሞ ይዞታል። ጣሪያው ሲከፈት ማጣሪያውን 100 ኸርዝ ላይ አድርገው። የዘፋኙ ድምፅ ወዲያው ይጠራል።

ቀጭን ሽቦ

ስለ ኮአክሲያልና ኮምፖነንት ማንም አልመለሰም። በዚህ መኪና ስፒከሩ እግርህ አጠገብ፣ ከጉልበትህ በታች ነው። ይህን የሚያክል ኮን ከ2,500 ኸርዝ ገደማ በላይ ድምፁን ወደ ፊቱ ብቻ ይተፋል፤ ፊቱ ያለው ደግሞ የእግርህ ባት ነው። ስለዚህ የቃል ጥራት የሚመጣው ትዊተሩ ከፍ ሲል ነው። ኮምፖነንት ግዛ፣ ትዊተሩን በበሩ የፊት ላይኛ ጥግ ላይ በማጣበቂያ ጎማ ትከል፤ ቀዳዳ አያስፈልግም፣ ሲነሳም ምልክት አይተውም። ወደ ፊትህ ቀጥ አድርገህ አታነጣጥረው፤ ወደ ሌላው ተሳፋሪ ጆሮ አዙረው። ቀጥ ብሎ ወደ አንተ ከዞረ ቅርቡ ትዊተር ከሌላው በላይ በጣም ይጮኽብሃል።

ትዊተር መጨመር ካልፈለግህ መሃሉ ላይ ያለው ትዊተር የሚዞር ኮአክሲያል ምረጥና ወደ ላይ አዙረው። ግማሽ መፍትሔ ነው፣ ግን ይረዳል።

ድምፁን ለትዊተሩና ለትልቁ ስፒከር የሚከፋፍለውን ክሮስኦቨር ሳጥን ከበሩ ውስጥ አታስቀምጥ፤ ውሃ ያገኘዋል። ከሽፋኑና ከላስቲኩ መካከል፣ በደረቁ በኩል ይሁን። ሽቦ ለመጨመር ካሰብህ በበሩና በአካሉ መካከል ባለው ጎማ ቱቦ ውስጥ ብቻ አሳልፍ። ጎማውን በሳሙና ውሃ አርጥብ፣ ጠንካራ ሽቦ አሳልፈህ አዲሱን ጎትት። ለ20 ዋት የፋብሪካው ሽቦ ይበቃል፤ አምፕሊፋየር ስታስገባ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሻላል። በየመጋጠሚያው ጠምዝዞ ናስትሮ ብቻ መጠቅለል በሙቀት ይላላል፤ በብየዳ ቆርቆሮ በይደህ በሙቀት የሚጠብ ቱቦ አልብሰው፣ ወይም በትክክለኛ መጨመቂያ አያይዘው።

ክፍት ጣሪያ 91

በጣም አመሰግናለሁ። ለካሁ፦ ከላሜራው እስከ መስታወቱ 55 ሚሊ ሜትር ነው። በኋላ አምፕሊፋየር ቢመጣ ባትሪው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ መሆኑ ያግዛል ወይስ ያስቸግራል? ድምፅ አፋኝ ንጣፍስ በሩን ሁሉ መሸፈን አለበት? መኪናው ቀላል ስለሆነ ክብደት መጨመር አልወድም።

የበር ውስጥ

ከ55 ላይ 5 ሲቀነስ 50 ነው፤ ጥልቀቱ ከ50 በታች የሆነ ያለ ቀለበት ይገባል። 12 ሚሊ ሜትር ቀለበት ካደረግህ እስከ 62 ድረስ ምርጫ አለህ።

በሩን ሁሉ መሸፈን አያስፈልግም። ቡታይል ላይ አሉሚኒየም የተለበጠ ንጣፍ ላሜራው እንዳይርገበገብ ያደርጋል፤ ለዚህ የውጩን ላሜራ ሩብ እስከ ሲሶ መሸፈን ይበቃል፣ በተለይ ከስፒከሩ ጀርባ ያለውን ሰፊ ቦታ። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በካሬ ሜትር 3.5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም በር ከ2 ኪሎ አትበልጥም። ላሜራውን በአልኮል አጽዳ፣ አሙቅ፣ በመንከባለያ አጥብቀህ ጫን። የጣሪያ ሬንጅ አትጠቀም፤ በፀሐይ ቀልጦ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ ሽታውም አይወጣም።

ከዚህ የሚበልጠው የውስጠኛውን ላሜራ ቀዳዳዎች መዝጋት ነው። የኮኑ የኋላ ሞገድ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋዋል። ትልልቆቹን ቀዳዳዎች በ1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ዝጋ፣ ነገር ግን በብሎን፤ አንድ ቀን የመስታወት ማንሻው መቀየሩ አይቀርም። በስፒከሩ ዙሪያ ደግሞ እስከ ሽፋኑ የሚደርስ የስፖንጅ ቀለበት ለጥፍ፤ ድምፁ በመረቡ እንዲወጣ እንጂ ከሽፋኑ ጀርባ እንዳይበተን። ስፒከሩን ሙሉ በሙሉ የሚያለብስ የስፖንጅ ኩባያ ይሸጣል፤ ሳይቆረጥ ከተገጠመ አየሩን ያፍነውና ድምፁ ይቀጥናል። የታችኛውን ግማሽ ቆርጠህ የላይኛውን ለውሃ መከላከያ ብቻ ተጠቀም። የቁልፉን ዘንጎችም በስፖንጅ ጠቅልል፤ ስፒከር ተበላሸ የሚባለው መንጣጣት ብዙ ጊዜ ከእነሱ ነው።

ኦምና ዋት

ባትሪው ከኋላ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። አምፕሊፋየሩን እዚያው አስቀምጥ፤ የኃይል ገመዱ አጭር ይሆናል፣ ከፊት ወደ ኋላ ስለማያልፍም በድምፁ ውስጥ የሚገባው የዲናሞ ፉጨት ይቀንሳል። ለ2 × 75 ዋት 8 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና 30 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን፤ አጭር ገመድ ነው ብለህ አትዝለለው፣ የሚከላከለው ገመዱን ነው። ማሳውን (የኔጌቲቩን ገመድ) ቀለሙ በተፋቀ ላሜራ ላይ እሰር። የባትሪውን ጋዝ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ቀጭን ቱቦ እንዳይጨፈለቅ ተጠንቀቅ። አምፕሊፋየሩን የሚያበራው ምልክት ከቴፑ ሰማያዊና ነጭ ሽቦ ይመጣል፤ እሱንና የድምፅ ገመዱን በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው ዋሻ በኩል አሳልፍ።

ሽፋኑን ከመመለስህ በፊት የስፒከሮቹን አቅጣጫ አረጋግጥ። ከቴፑ ጀርባ ሶኬቱን ንቀልና የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ንካ፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲገጥም ኮኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን ለትልቁ ኮን ብቻ አድርገው፣ በትዊተር ላይ አይታይም። የድሮ መኪና ሽቦ ቀለም በሌላ ሰው እጅ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በር ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ሰው በአዲሱ ስፒከር ያማርራል። አጠራጣሪ ከሆነ ሞኖ ቀረጻ አጫውት፣ የአንዱን በር ሁለት ሽቦ አገላብጥ፤ መሃል ሆነህ ስትሰማ ባሱ የሚጨምርበት ትክክለኛው ነው።