በሥራ ቀናት የያዝኩት አመጋገብ ቅዳሜና እሑድ ይፈርስብኛል፤ እንዴት ልመዝግበው?

ጠያቂ፣ ከፒያሳ
ሰላም ለሁላችሁ። እራት ላይ እንጀራ ትቼ አትክልትና ጥራጥሬ ብቻ ብበላ ክብደቴ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት በራሴ ላይ ሙከራ ጀምሬያለሁ። የምበላውን በደብተር እጽፋለሁ፤ ጠዋት ጠዋትም እመዘናለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እምብዛም አልቸገርም፤ የሚያስቸግረኝ ቅዳሜና እሑድ ነው። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሥጋ ቤት እንቀመጣለን፤ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ ሁሉ እናቴ ቤት ይሰበሰባል። ከአንድ ትሪ ስለምንበላና ጉርሻውም ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ መጠኑን መጻፍ ስለማይቻለኝ የሁለቱ ቀናት ገጽ ባዶውን ይቀራል። ሰኞ ጠዋት ስመዘን ግን ሁለት ኪሎ ያህል ጨምሬ እገኛለሁ። እነዚህን ቀናት ከሒሳቡ አውጥቼ የሥራ ቀናቱን ብቻ ብከታተል ይሻላል?

መልስ፣ ከአራት ኪሎ
አያውጧቸው። በመጀመሪያ ግን ሰኞ የሚያዩት ጭማሪ አብዛኛው ስብ አለመሆኑን ይወቁ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ የያዘ በመሆኑ፣ ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነትዎ ከሚያስፈልገው በላይ ከ15,000 ካሎሪ የሚበልጥ ምግብ በሁለት ቀን መብላት ይኖርብዎታል። የጨመረው በአመዛኙ ውሃ ነው። ሰውነት ከእንጀራና ከዳቦ ያገኘውን ኃይል ግላይኮጅን አድርጎ በጉበትና በጡንቻ ሲያከማች በእያንዳንዱ ግራም ላይ 3 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይይዛል፤ የወጡና የአዋዜው ጨውም የራሱን ውሃ ያስቀራል። እርስዎ በሳምንቱ ውስጥ እንጀራ ስለሚቀንሱ ይህ መለዋወጥ በእርስዎ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ሰኞን ከዓርብ ጋር ከማወዳደር የሰባቱን ቀናት ክብደት ደምረው ለሰባት ያካፍሉና አማካዩን ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ያስተያዩት። ሲመዘኑም ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ከቁርስ በፊት ይሁን፤ መንገድ ዳር በሚገኙት ሚዛኖች ከነጫማና ከነጃኬት የተገኘው ቁጥር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ይህን ስል ቅዳሜና እሑድ ለውጥ አያመጡም ማለቴ አይደለም። በአምስቱ ቀናት በየዕለቱ 400 ካሎሪ ቢያጎድሉ 2,000 ይሆናል፤ በሁለቱ ቀናት በየዕለቱ 1,000 ቢያስበልጡ ያንኑ መልሰው ይተኩታል። አማካዩ ለወራት ሳይነቃነቅ ቢቀር ምክንያቱ የሚገኘው እርስዎ ባዶ በተዉት ገጽ ላይ ነው።

መልስ፣ ከካዛንቺስ
ከትሪ ሲበላ ካሎሪ ለመቁጠር መሞከር ድካም ብቻ ነው። ይልቁንስ ስንት እንጀራ እንደቀረበና ለስንት ሰው እንደሆነ፣ ምን እንደጠጡ፣ ሲቀመጡም ምን ያህል ርቦዎት እንደነበር ይጻፉ። ከሁሉ በላይ ከጥብሱ ወይም ከዶሮ ወጡ ሥር ያለውን እንጀራ ልብ ይበሉ። ቅቤውን ሁሉ የጠጣው እሱ ነው፤ ሁሉም ከጠገበ በኋላ በጨዋታ መካከል እየተቆረሰ የሚያልቀውም እሱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ከ100 ካሎሪ በላይ ስለሆነ፣ ያንን እንጀራ ብቻ መተው ብዙ ይቀንስልዎታል።

ለምሳው ሲሉ ጠዋት ጾምዎን አይዋሉ። ከቅዳሴ በኋላም ቢሆን እናትዎ ቤት ከመድረስዎ በፊት ጥቂት ነገር ቅመሱ፤ ቅዳሜ ደግሞ ፉል ወይም እንቁላል በልተው ይውጡ። እናትዎን በሰው ፊት እንቢ ከማለትም ቀደም ብለው ደውለው ለብቻቸው ያስረዷቸው። «በሞቴ» የሚሉት በፍቅር ነውና ምክንያቱን ካወቁ ይረዱዎታል።

መልስ፣ ከጥቁር አንበሳ አካባቢ
በጤና ሙያ ላይ ስላለሁ አንድ ነገር ልጨምር። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር የእራት እንጀራውን መተው የለበትም፤ ስኳሩ ሌሊት ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። እንዲሁም አንድ ሰው ከሰው ተደብቆ፣ ማቆም እያቃተው፣ እስኪያመው ድረስ የሚበላ ከሆነ ጉዳዩ ሕክምና የሚያስፈልገው እንጂ የፈቃድ ድክመት አይደለም።

ጠያቂ፣ ከፒያሳ
ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ እጽፋለሁ፤ እናቴንም አነጋግራታለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባስ ሙከራውን ልቀጥል?

መልስ፣ ከአራት ኪሎ
ይቀጥሉ፤ ነገር ግን በአዲስ ገጽ ይጀምሩት። በ55ቱ ቀናት ሥጋውም ቅቤውም ወተቱም ስለሚቀር፣ ክብደትዎ ቢለወጥ ለውጡ ከእራቱ እንጀራ ይሁን ከጾሙ መለየት አይችሉም። ሽሮና በያይነቱ ዘይት ሊበዛባቸው ስለሚችልም የዘይቱን ነገር አብረው ይመዝግቡ።