የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልጋ በስኮር ይሰጥ?

ጥያቄው፦ ጅማ ላይ ቬንትሌተሩ (የመተንፈሻ ማሽኑ) አንድ፣ ፈላጊው ሁለት ሲሆን የሶፋ ስኮሩ ዝቅ ያለው ይቅደም ተብሏል። ሶፋ ስድስት የሰውነት ክፍሎችን ከ0 እስከ 4 ይመዝናል፤ ጣሪያው 24 ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሕመሙ ከፍቷል ማለት ነው። ትስማማላችሁ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ እስማማለሁ። አለዚያ የሚያገኘው ቀድሞ የደረሰው ወይም ዘመድ ያለው ነው። ቁጥር ሰው አይመርጥም።

የአይሲዩ ነርስ፦ ዶክተር፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ይዩልኝ። ማላታዮን (ፀረ-ተባይ መርዝ) ጠጥቶ የገባ ወጣት እንውሰድ። ጂሲኤሱ (የንቃት ደረጃው) 7፣ ስለዚህ 3 ነጥብ። አማካይ የደም ግፊቱ 65፣ 1 ነጥብ። የኦክስጅን ምጣኔው (የደሙ ኦክስጅን ግፊት ለሚተነፍሰው ኦክስጅን ድርሻ ሲካፈል) 180 ሆኖ ቬንትሌተር ስላልገባ 2 ብቻ፤ ያው ሳንባ ማሽን ላይ ሲወጣ 3 ይሆናል! ሪኤጀንት ጠፍቶ ያልተሠራው ክሬቲኒንና ቢሊሩቢን (የኩላሊትና የጉበት ምርመራ) ደግሞ 0 ተብሎ ይሞላል። እንዲህ ያለው ታካሚ ደረቱ እስኪጠራ አትሮፒን (ማርከሻው) በየ5 ደቂቃው በእጥፍ እየጨመረ ቢሰጠውና ጥቂት ቀን በማሽን ቢታገዝ ብዙ ጊዜ ይድናል። በስኮር ከሄድን ግን ወረፋው ከኋላ ነው።

አንስቴቲስት፦ ከፍታውም አለ። ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከ760 ወደ 620 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል። ሶፋ የኦክስጅን ምጣኔው ከ400 በታች ለሆነ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ እዚህ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ጤነኛም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል።

ሐኪም፦ እሱ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አያዛባም። የሲስተር ነጥብ ግን ከባድ ነው። እንግዲያው በ48 ሰዓት ይታይ። በ2001 የወጣው የብራስልስ ጥናት በዚያ ጊዜ ውስጥ ስኮራቸው ከጨመረው ቢያንስ ግማሹ እንደሚሞቱ አሳይቷል።

ነርስ፦ አልጋ ለመስጠት 48 ሰዓት ማን ይጠብቃል? ደግሞ መሻሻሉም ያታልላል። እንደ ማላታዮን ያለ መርዝ የጠጣ ሰው ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ነቅቶ፣ የታዘዘውን እያደረገ፣ የአንገትና የመተንፈሻ ጡንቻው ሊዝል ይችላል። ኦክስጅን ላይ ካለ ሳቹሬሽኑ (በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን) የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ከትራሱ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ 5 ሰከንድ ይያዝ፤ ካቃተው የመተንፈሻ ቱቦው አይወጣም። ይህን የትኛው ስኮር ይይዘዋል?

ባዮሜዲካል፦ ትንፋሽም ከሞኒተር ብቻ አይገልበጥ። በደረት ኤሌክትሮድ ሲለካ የልብ ምትን እንደ ትንፋሽ ሊቆጥር ይችላል፤ ጄሉ ሲደርቅ ደግሞ ንባቡ ይዘባረቃል። አንድ ደቂቃ ሙሉ በዓይን ይቆጠር። ፍሎው ሺት (የክትትል ቅጹ) ላይ ሳይቆጠር 20፣ 20፣ 20 ተብሎ የሚሞላውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሐኪም፦ እሺ፣ ሁለቱ ታካሚዎች በተመሳሳይ ሰዓት ቢመጡስ?

ነርስ፦ መንስኤው ቶሎ የሚመለሰው ይቅደም።

ሐኪም፦ የሚመለሰውን ማን ይለያል? ይኸው፣ ዞረን ዞረን የተረኛው ሐኪም ግምት ላይ ደረስን።